ቁጥር ያልተሰጠው ደብዳቤ

የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ስሟን ትተው «እትዬ መዝገብ» ይሏታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ጀርባ ተቀምጣ ከውጭ የሚመጣውን ደብዳቤ ስትቀበል፣ ቁጥር ስትሰጥ፣ ለሚመለከተው ክፍል ስታስተላልፍ ኖራለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። ባለጉዳይ ሲጮኽባት ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት። በር ቢመታት በሩን ይቅርታ ትጠይቃለች እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም አብራቸው ትስቃለች።

በአንድ ነገር ግን ቀልድ አታውቅም ነበር። እጇ የገባ ደብዳቤ ሳይመዘገብ አያድርም። የቀድሞው ኃላፊ፣ ነፍሱን ይማርና፣ «እሷ ያልመዘገበችው ነገር አልተጻፈም» ይል ነበር።

አዲሱ ኃላፊ ከመጣ ስድስት ወሩ ነው። ዕድሜው ሠላሳ አልሞላም። ከተማሪ ወንበር ተነሥቶ በቀጥታ የኃላፊ ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ በመካከሉ አንድ ቀን እንኳ የሰው ትእዛዝ ተቀብሎ ያልሠራ ልጅ ነው። ንግግሩን ሁሉ «በወሰድኩት ሥልጠና መሠረት» ብሎ ስለሚጀምር ሠራተኛው «ሥልጠናው» ብሎ ሰየመው። ይህን የሚሉት ከኋላው ነው። ፊት ለፊትማ ማን ቀና ብሎ ያየዋል።

በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ቆጠራን አመጣ። በየቀኑ ጠዋት ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሠራተኛው ሁሉ ኮሪደሩ ላይ በየበሩ ፊት ይሰለፋል። ሥልጠናው ከዳር ጀምሮ እያለፈ «ስንት?» ይላል። እያንዳንዱ ሰው ጠረጴዛው ላይ ያላለቀ ስንት ጉዳይ እንዳለ ይናገራል። ከሦስት በላይ ያለው ሰው ጠረጴዛው ላይ ቀይ ወረቀት ይለጠፍበታል። ሦስት ቀይ ወረቀት የሞላው ወደ ጉድጓድ ጣቢያ ይዛወራል። ጉድጓድ ጣቢያው በመኪና ሁለት ሰዓት ያስኬዳል፤ ውሃ የሚስቡ ሁለት ሞተሮችና አንድ የቆርቆሮ ክፍል አሉበት፤ እዚያ የተመደበ ሰው ቤቱን የሚያየው በሳምንት አንዴ ነው። ሁለት ሰዎች ሄደዋል። ከሄዱ በኋላ ስማቸውን የሚያነሣ አልተገኘም፤ ስም ማንሣትም የሚቆጠር መሰለ።

ሰው ከፈራ ብልሃት አያጣም። ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የመሥሪያ ቤቱ ፋይሎች እግር ያወጣሉ። የጥገናው ፋይል ወደ ዕቅድ ይሮጣል፣ የዕቅዱ «መረጃ ይጎድለዋል» ተብሎ ወደ ደንበኞች ክፍል ይገባል፣ የደንበኞቹ «ለማጣራት» ተብሎ ወደ መዝገብ ቤት ይመለሳል። ልክ በሦስት ሰዓት ጠረጴዛው ሁሉ ባዶ ነው። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ፋይሎቹ አንድ በአንድ፣ እንደ ሌባ፣ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ሥልጠናው ቁጥሮቹን በሰንጠረዥ አሳምሮ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ይልካል። ከበላይም ምስጋና ይመጣለታል።

የሚጎዳው እንግዲህ መጨረሻ ላይ ፋይሉ የደረሰበት ሰው ነው። ያ ሰው ብዙ ጊዜ እትዬ መዝገብ ሆነች። አልቀበልም ማለት አታውቅበትም። በአራት ወር ውስጥ ሁለት ቀይ ወረቀት ተለጠፈባት።

ሁለተኛው ሲለጠፍ ሌሎቹ ቀደም ብለው የተማሩትን እሷም ተማረች። የሚቆጠረው ቁጥር ያለው ደብዳቤ ነው፤ ቁጥር ያልተሰጠው ደብዳቤ አልመጣም ማለት ነው። ስለዚህ ጠዋት የሚመጣውን ፖስታ እንደታሸገ መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች፤ ከቆጠራው በኋላ አውጥታ ትመዘግበዋለች። በመጀመሪያው ቀን መሳቢያውን ደጋግማ ከፍታ አየች። በሳምንቱ ማየቱንም ተወችው።

ሦስተኛውን ቀይ ወረቀት ለምን እንዲያ እንደምትፈራው ሁሉም ያውቃል። እናቷ ከሁለት ዓመት በፊት ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት አልጋ ላይ ናት። ቤታቸው ከመሥሪያ ቤቱ በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። እትዬ መዝገብ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ እየሮጠች ትሄዳለች፤ እናቷን ታገላብጣለች፣ አንሶላ ትቀይራለች፣ ሾርባ በማንኪያ ታጎርሳለች፣ የራሷን ምሳ ቆማ ትጎርስና እየሮጠች ትመለሳለች። ጉድጓድ ጣቢያ ብትላክ ማን ያገላብጣታል? ይህን ሐሳብ እስከ መጨረሻው አስባው አታውቅም። ግማሹ ላይ ስትደርስ ተነሥታ የሆነ ነገር ትጠርጋለች።

ደብዳቤው የመጣው ማክሰኞ ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው። ያመጣው በላይኛው ሰፈር ያለው ጤና ጣቢያ ጥበቃ ነበር።

«እትዬ፣ ይቺን ቶሎ እንዲያዩዋት ብለዋል።»

«እሺ ወንድሜ፣ እሺ።» ዐይኗ ግድግዳው ሰዓት ላይ ነበር። ጥበቃው የመላኪያ ደብተሩን ዘረጋላት፤ ቀኑን ጽፋ ፈረመችለት። ፖስታውን የታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ከባዶ ቅጾቹ ሥር ከተተችውና ለመሰለፍ ወጣች።

ያን ዕለት ከቆጠራው በኋላ የዕቅድ ክፍል አሥራ ሁለት ፋይል አመጣባት። እነሱን ስትመልስ፣ ሲመልሱባት፣ እንደገና ስትመልስ ቀኑ መሸ። ረቡዕም ያው ነበር። ሐሙስ እናቷ ትኩሳት ነበራትና ልቧም እዚያው ዋለ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ባዶ ቅጽ ፍለጋ የታችኛውን መሳቢያ ስትጎትት ፖስታው ብቅ አለ።

ተቀምጣ ከፈተችው። አንድ ገጽ ነው። ከጤና ጣቢያው አጠገብ የቆመው የውሃ ታንክ ካሉት አራት እግሮች አንዱ ከወገቡ ላይ መሰንጠቁን፣ ስንጥቁ በየቀኑ እየሰፋ መሄዱን፣ ጣት እንደሚያስገባ፣ ታንኩ ሥር ጤና ጣቢያውን ጨምሮ ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች መኖራቸውን ይናገራል። መጨረሻው ላይ «አደጋ ሳይደርስ» ይልና ማኅተም አለበት።

እትዬ መዝገብ ደብዳቤውን አጥፋ መልሳ ዘረጋችው። ቃሉ አልተለወጠም። አራት ቀን ሊሞላው ነው። ታንኩ ከወደቀ፣ እሷ ናት የጣለችው።

የጥገና ክፍሉ መሐንዲስ ቢሮ በኮሪደሩ ጫፍ ነው። ጠጉሩ የነጣ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው፤ ቆጠራ ከመጣ ወዲህ ግን ጨዋታው ሁሉ መራር ሆኗል። ደብዳቤውን እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ይዛ ገባች።

«ጋሼ፣ ይቺን አንዴ ይዩልኝ።»

«ቁጥር አላት?»

«የላትም።»

«እንግዲያው አላየኋትም።» መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይኸው፣ አሁን ብታሳዪኝም አይታየኝም።»

«የላይኛው ሰፈር ታንክ ነው ጋሼ። እግሩ ተሰንጥቋል ነው የሚሉት።»

ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። መነጽሩን አላነሣውም። «መቼ ነው የመጣው?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ።» በጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄንን እኔ ከነካሁት እስከ ዛሬ ያስተኛሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። እኔም ሁለት ቀይ አለኝ። ለጡረታ ሰባት ወር ነው የቀረኝ።»

«ሄደው እንኳ ቢያዩትስ?»

«ያለ ሥራ ትእዛዝ? የት ሄድክ ሲለኝ ሽርሽር ልበለው?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰው ስንጥቅ ሲያይ ይደነግጣል። ልስኑ ይሆናል። አሮጌ ልስን ይሰነጠቃል። ልስን ነው» አለ።

ይህን ሲል አላያትም። መስኮቱን ነበር የሚያየው።

እሑድ እናቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣች። ዐቀበቱን ስትጨርስ ታንኩ በድንገት ከፊቷ ቆመ። ከሦስት ፎቅ ቤት ይረዝማል። በአራት ወፍራም የሲሚንቶ እግሮች ላይ የተቀመጠ ትልቅ ክብ ድስት ይመስላል። ሥሩ የጤና ጣቢያው ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የልብስ ሰፊዎች ተርታ ሱቆች፣ ከዚያም ገመድ ተወጥሮ ልብስ የተሰጣባቸው ትንንሽ ግቢዎች አሉ። አንዲት ሴት ጨምቃ የያዘችውን አንሶላ ከታንኩ እግር እስከ ቤቷ በተወጠረ ገመድ ላይ ትሰቅላለች።

«ማንን ፈልገሽ ነው እህቴ?»

«ማንንም። እንዲሁ፣ ደክሞኝ ነው።»

«አረፍ በይ እንግዲህ። እዚህ ጥላው ደግ ነው። ከላይ ትንሽ ይንጠባጠባል፣ እሱም ደግ ነው፣ ልጆቹ እግራቸውን ይታጠቡበታል።»

«ድሮም ይንጠባጠብ ነበር?»

«አሁን ብሶበታል። ሲሞላ ደግሞ ይጮኻል።»

«ምን ብሎ?»

«እንደ አሮጌ አልጋ ነዋ፣ ሲጥ ሲጥ ይላል። ባሌ እሱም እንዳንቺ ያንኮራፋል ይለኛል።» ሴትዮዋ ሳቀች።

እትዬ መዝገብ መሳቅ ሞከረች። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ከገንዳው ሌላ አንሶላ ስትጨምቅ፣ እሷ ገመዱ ወደ ታሰረበት የታንኩ እግር ተጠጋች። ስንጥቁ በወገቧ ትክክል ነበር። ሌባ ጣቷን አስገባችው። እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ። ውስጡ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው። ስታወጣው ጫፉ ላይ ቀይ ዝገት ተጣብቋል። ቀና ብላ አየች፤ ደመናው ይሄድ ስለነበር ታንኩ ወደ እሷ የሚዘም መሰላት፤ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ከዚህ ውጡ ልትላት ፈለገች። ግን ሴትዮዋ «ማን ነሽ አንቺ? ከማን ሰማሽ?» ብትላትስ? የማክሰኞው ደብዳቤ እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው ልትል ነው?

«ልብሱን ከእግሩ ራቅ አድርጊው» አለች በመጨረሻ። «ዝገቱ ይነካዋል።»

ቁልቁለቱን ስትወርድ እያንዳንዱ እርምጃዋ መሬቱን የሚያናጋው፣ ታንኩንም ከኋላዋ የሚነቀንቀው ይመስላት ነበር። ዞር ብላ ለማየት አልደፈረችም።

ሰኞ ጠዋት ቆጠራው ተጀመረ። ሥልጠናው የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ ቀይ ወረቀቶቹን በክንዱ አቅፎ ከዳር መጣ።

«ስንት?»

«ሁለት» አለ መሐንዲሱ።

«ስንት?»

እትዬ መዝገብ አጠገቡ ነበረች። «ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት አለ» አለች። ከዚያ የራሷን ድምፅ ከሩቅ ሰማችው። «መሳቢያዬ ውስጥ ደግሞ አንድ አለ።»

ሥልጠናው ቆመ። «መሳቢያ በቆጠራው ውስጥ አይካተትም።»

አንድ ሰው ከወደ ዳር ሳቁን ዋጠ።

«ይካተትልኝ» አለች። «ከማክሰኞ ጀምሮ ያለ ነው። የላይኛው ሰፈር ታንክ ሊወድቅ ነው። እኔ ነኝ የደበቅሁት።»

ሥልጠናው ሰንጠረዡን አየ፣ እሷን አየ፣ በጣቱ ወደ ቢሮው አመለከታት።

በሩን ዘግቶ ደብዳቤውን ቆሞ አነበበ። ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ሲጨርስ ጆሮዎቹ ቀልተው ነበር።

«ቁጥር አልሰጠሽውም?»

«አልሰጠሁትም።»

«ጥሩ።» ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «የዛሬን ቀን ስጪው። ዛሬ መጣ፣ ዛሬውኑ አስተናገድነው። አንቺም አትጠየቂ፣ እኔም አልጠየቅ። ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

ለአንድ አፍታ ክፍሉ ሰፋላት። እናቷ፣ የምሳ ሰዓቱ፣ ማንኪያው፣ ሁሉም ባለበት ይቀጥላል። እሺ ለማለት አንገቷ ሊነቀነቅ ደርሶ ነበር።

«አይሆንም» አለች።

«ለምን አይሆንም? ማን ያውቃል?»

«የመላኪያ ደብተራቸው ላይ ፈርሜያለሁ። ቀኑን በእጄ ጽፌ።»

«የምን ደብተር?»

አየችው። የምሩን ነው የጠየቃት። ማኅተም የሚይዙት የክፍል ኃላፊዎች ሁሉ ኃላፊ ነው፤ ደብዳቤ ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደሚሻገር አያውቅም። «ደብዳቤ የሚያመጣ ሰው ሁሉ የሚያስፈርምበት ደብተር ይዞ ይመጣል» አለች ቀስ ብላ። «እሱ እነሱ ጋ ነው የሚቀረው። እኛ ልንቀይረው አንችልም።»

ሥልጠናው እንደ ማንኛውም የደነገጠ ልጅ ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። «ስድስት ወር ሙሉ ሁሉንም ነገር ቆጥሬያለሁ» አለ ከመዳፉ ውስጥ። «ይሄ እንዴት አልተቆጠረም?»

«የሚያስቀጣውን ማን ያሳይዎታል» አለች። ብላም ራሷ ደነገጠች።

ሰማት መሰለ፣ አልሰማትም መሰለ። «ታንኩን ባዶ አድርጉ ብሎ የሚያዝዘው ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ?»

«ከእርስዎ ሌላ ማንም የለም።»

«ባዶ አድርጌው ምንም ያልሆነ ነገር ቢሆንስ? ያ ሁሉ ሰፈር ውሃ ሲያጣ ከበላይ ምን ይሉኛል?» እጁ እስክሪብቶውን ፈልጎ አጣው፤ ዐይኑ ሥር ነበር። ይህ ሁሉ ሰው ሲርድለት የከረመው ልጅ ከእሷ ይልቅ ይፈራል። ነገሩ ያጽናናታል ብላ ነበር፤ ይበልጥ አስፈራት። መሪውን ከያዘ ሰው ጎን ተቀምጦ ሰውየው መንዳት እንደማይችል እንደ ማወቅ ነው።

በሩ ቅርብ ነበር። አልወጣችም። እስክሪብቶውን አንሥታ አቀበለችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታስተላልፈው የኖረችውን የትእዛዝ አጻጻፍ በቃሏ ታውቀዋለች። «ለጥገና ክፍል፣ ብለው ይጀምሩ» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ ወደ ታንኩ የሚገባው መስመር እንዲዘጋ፣ በውስጡ ያለው ውሃ እንዲለቀቅ፣ በአካባቢው ያሉ ነዋሪዎች ለጊዜው ዘወር እንዲሉ።» እያቆመች ጠበቀችው። ጻፈ። ፈረመ። ቁጥሩን እዚያው ቆማ ሰጠችው፤ ለጤና ጣቢያው ደብዳቤም ሰጠችው፣ ከነማክሰኞ ቀኑ።

ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቤት የሄደችው አርባ ደቂቃ ዘግይታ ነው። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ነበር። «ረሳሽኝ ብዬ ነበር» አለች በተሳሰረ ምላሷ። እትዬ መዝገብ ሾርባውን ስታቀብላት ማንኪያው ጥርሷን መታት።

መሐንዲሱ አመሻሹ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመለሰ። ጫማውና ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል። መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ክርኑን አስደገፈ።

«ባዶ ሆኗል» አለ። «ልስኑን ፈነቀልነው። ውስጡ ያለው ብረት በእጄ ነው የተፈረከሰው።» የሚቀልድ መስሏት ጠበቀች። አልቀለደም። «ልስን አልነበረም» አለና ሄደ።

ማክሰኞ ሥልጠናው ለበላይ መሥሪያ ቤት ያዘጋጀውን ሪፖርት ቁጥር እንድትሰጠው ላከላት። አነበበችው። ደብዳቤው ለስድስት ቀናት የዘገየው በመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ጥፋት መሆኑ፣ ሠራተኛዋም ጥፋቷን ማመኗ፣ አስፈላጊው እርምጃ እንዲወሰድ መጠየቁ ተጽፏል። ውሸት የለበትም። ስለ ቆጠራው ግን አንድ ቃል አልነበረም። ቁጥር ሰጠችው፤ መላኪያ ደብተሩ ላይ አሰፈረችው፤ ላከችው። ከዚያ ተነሥታ መስኮቱን ጠረገች።

መልሱ አልመጣም። የመጣው ሌላ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የላይኛው ሰፈር ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ውሃ ከጠፋባቸው ሁለት ቀን አልፏል። ልብስ ሰፊዎቹ ተፈራርመው መጡ፣ ጤና ጣቢያው ጻፈ፣ እማወራዎች ከልጆቻቸው ደብተር በተቀደደ ወረቀት ጽፈው አመጡ። «እናንተ ልጅ የላችሁም?» ይላል አንዱ። «ማን ነው በገዛ እጁ ውሃችንን የደፋው?» ይላል ሌላው። እትዬ መዝገብ እያንዳንዱን እዚያው ባለቤቱ ፊት ከፈተች፤ እዚያው ቁጥር ሰጠች። መሳቢያውን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ውስጥ ከታዋለች። ለጥገና ክፍል ልትወስድለት ስትሄድ ቢሮው ተዘግቶ አገኘችው፤ ለዕቅድ ስትወስድ «ከነገ ቆጠራ በኋላ» አሏት።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም በየበሩ ቆመ። ሥልጠናው ከዳር መጣ። ዐይኑ ሥር ጠቁሯል፣ ሸሚዙ ግን የተተኮሰ ነው። ቀይ ወረቀቶቹን አቅፏል። ዛሬ ከሌላው ጫፍ ስለጀመረ ከመሐንዲሱ በፊት እሷ ዘንድ ደረሰ።

«ስንት?»

«አርባ አንድ» አለች።

በኮሪደሩ ሁሉ አርባ አንድ ተብሎ አያውቅም። ሥልጠናው አንድ ቀይ ወረቀት ከእቅፉ መዘዘ። ሦስተኛዋ ናት።

«ስለ ምንድን ናቸው?»

«ሁሉም ስለተዘጋው ውሃ ነው።»

ወረቀቷ በጣቶቹ መካከል ቆመች። የተዘጋው በማን ፊርማ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ወደ ጠረጴዛዋ አየ፤ ከዳር እስከ ዳር በቁጥር ተራ የተደረደሩትን ደብዳቤዎች አየ። የሚለጥፍበት ባዶ ቦታ የሚፈልግ ይመስል ነበር። ከዚያ ወረቀቷን እንደያዘ፣ ሳይለጥፋት፣ ሳይመልሳትም፣ አንድ እርምጃ ወደ ጎን አለፈ።

«ስንት?» አለ መሐንዲሱን።

መሐንዲሱ ዘንድ ከማክሰኞ ጀምሮ የተላለፉ ስንት ፋይሎች እንዳሉ፣ የትኛው መደርደሪያ ጀርባ እንደተሸሸጉ እትዬ መዝገብ ታውቃለች፤ ቁጥራቸውን የሰጠችው እሷ ናት። አንገቷን አላዞረችም። አጠገቧ ትንፋሽ ሲሳብ ሰማች። ሌላ ጊዜ «ሁለት» የምትለው ቃል ከአፉ ለመውጣት አትዘገይም ነበር።

ዛሬ ዘገየች።